ፖስትጂአይኤስና የቦታ ኢንዴክሱ፦ በድሬዳዋና በሐረር ሥራ ላይ ሲመዘን

ድሬዳዋ ውስጥ አድራሻ በመንገድ ስምና በቤት ቁጥር ብዙም አይነገርም። ዕቃ የሚያዝ ደንበኛ «ከዚራ፣ ከባቡር ጣቢያው ዝቅ ብሎ»፣ «ሳቢያን፣ ከመስጊዱ ጀርባ» ወይም «ቀፊራ መግቢያው ላይ» ይላል፤ ይህን የሰማ ባጃጅ ነጂ ቦታውን ወዲያው ያውቀዋል፣ ኮምፒውተር ግን አያውቀውም። ስለዚህ በከተማችን የሚሠራ የዕቃ ማድረሻ ወይም የትራንስፖርት ጥሪ መተግበሪያ ሁሉ የሚደገፈው ከስልክ ጂፒኤስ በሚመጡ ሁለት ቁጥሮች፣ ማለትም በኬክሮስና በኬንትሮስ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ዳታቤዙ ቀኑን ሙሉ የሚቀርቡለት ጥያቄዎች በዓይነት ጥቂት ናቸው። ለዚህ ደንበኛ ቅርብ የሆኑት 5 ባጃጆች የትኞቹ ናቸው? ከዚህ ነጥብ በ2 ኪሎ ሜትር ዙሪያ የሚገኙት መድኃኒት ቤቶች የትኞቹ ናቸው? ይህ ቤት በየትኛው ቀበሌ ክልል ውስጥ ይገኛል?

ጥያቄዎቹ ቀላል ቢመስሉም በተራ ዳታቤዝ ላይ መልሳቸው ይዘገያል፤ መረጃው በበዛ ቁጥር መዘግየቱም ይብሳል። እኔ በድሬዳዋና በሐረር መካከል ዕቃ ለሚያመላልስ አገልግሎት ዳታቤዝ የማስተዳድር ባለሙያ ነኝ፤ እዚህ የምገመግመውም ለእነዚህ ጥያቄዎች የምንጠቀምበትን ፖስትጂአይኤስ የተባለውን ሶፍትዌር፣ በተለይም የቦታ ኢንዴክሱን፣ ማለትም ዳታቤዙ ሠንጠረዡን ሁሉ ሳያነብ የሚፈልገውን ቦታ እንዲያገኝ የሚረዳውን ማውጫ ነው። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ከማውቃቸው አማራጮች ሁሉ የላቀው ይህ ነው፤ ሆኖም ፍጥነቱ የሚገኘው ኢንዴክሱ ሊያውቀው በሚችል መልክ ጥያቄውን ለሚጽፍ ሰው ብቻ ነው። ኢንዴክሱን ፈጥሮ ጥያቄውን እንደ ቀድሞው የተወ ባለሙያ ምንም ለውጥ አያይም፤ ብዙዎች «ሞክረነው አልፈጠነም» ሲሉ የምሰማውም በአብዛኛው ከዚህ የተነሣ ነው።

ፖስትጂአይኤስ ራሱን የቻለ ዳታቤዝ አይደለም። ፖስትግሬስኪውኤል (ባጭሩ ፖስትግሬስ) በተባለው ነፃና ክፍት ዳታቤዝ ላይ የሚጨመር ቅጥያ ሲሆን፣ በካናዳ ቪክቶሪያ ከተማ የሚገኘው ሪፍራክሽንስ ሪሰርች የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ለመጀመሪያ ጊዜ አውጥቶታል። በጂፒኤል ፈቃድ የሚሰራጭ በመሆኑ የሚከፈልበት ዋጋ የለም። ከተጫነ በኋላ በሠንጠረዡ ውስጥ ከቁጥርና ከጽሑፍ ዓምዶች ጎን ነጥብን፣ መስመርንና የተከለለ ክልልን የሚይዝ ዓምድ መፍጠር ይቻላል። ለዚህም ሁለት ዓይነት አለው፦ መሬትን እንደ ዝርግ ወረቀት የሚቆጥረው ጂኦሜትሪ፣ እና የመሬትን ክብነት ቆጥሮ የሚያሰላው ጂኦግራፊ። ከሁለቱ የትኛውን መምረጥ እንደሚገባ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፤ ለእኛ አካባቢ ጥያቄው ከሌላው ቦታ ይልቅ የከበደ ነውና።

መጀመሪያ ተራው ኢንዴክስ ለምን እንደማይበቃ መረዳት ያስፈልጋል። ዳታቤዞች በነባሪነት የሚሠሩት ቢ-ትሪ የተባለው ኢንዴክስ እሴቶችን ከትንሽ ወደ ትልቅ በአንድ መስመር ይደረድራል። ለስልክ ቁጥር፣ ለቀንና ለዋጋ ይህ አሠራር እንከን የለውም። ቦታ ግን ሁለት አቅጣጫ ስላለው በአንድ መስመር ሲደረደር ጎረቤትነቱ ይጠፋል። አንድ ሰው ኬክሮስን በአንድ ዓምድ፣ ኬንትሮስን በሌላ ዓምድ አስቀምጦ ለሁለቱም ኢንዴክስ ቢሠራ፣ ዳታቤዙ በኬክሮሱ ኢንዴክስ የሚያገኘው ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ የተዘረጋ ሰንበር ነው። መሐል ከተማ ላይ 2 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ሰንበር ቢወሰድ በውስጡ የሚወድቀው ሁሉ፣ ከተማው ዳር ያለውን ጨምሮ፣ እየተነሣ በኬንትሮሱ መመርመር ይኖርበታል። መረጃው የአገር አቀፍ ከሆነ ደግሞ ያው ሰንበር እስከ ምዕራብ ድንበር ይዘልቃል። አንዳንድ ፕሮግራመሮች ይህንን ትተው የእያንዳንዱን ረድፍ ርቀት በትሪጎኖሜትሪ ቀመር ያሰላሉ፤ ያኔ አንድ ሚሊዮን ረድፍ ያለው ሠንጠረዥ ለአንድ ደንበኛ ጥያቄ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ይሰላል ማለት ነው።

የፖስትጂአይኤስ የቦታ ኢንዴክስ መሠረት አር-ትሪ ነው። አሠራሩን አንቶኒን ጉትማን እ.ኤ.አ. በ1984 ያቀረበው ሲሆን፣ ፖስትግሬስ ውስጥ የሚሠራው ግን እ.ኤ.አ. በ1995 በነጆሴፍ ሄለርስታይን በቀረበውና ጂስት በሚባለው ሰፋ ያለ የኢንዴክስ ማዕቀፍ አማካይነት ነው። ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ደብዳቤ ይዞ ሰው የሚፈልግ መልእክተኛ የከተማውን ቤት ሁሉ አያንኳኳም፤ መጀመሪያ ቀበሌውን፣ ቀጥሎ ሰፈሩን፣ በመጨረሻም ቤቱን ይፈልጋል። አር-ትሪም እያንዳንዱን ነገር በአራት ማዕዘን ሳጥን ይከብበዋል፤ የሚቀራረቡትን ሳጥኖች በአንድ ትልቅ ሳጥን፣ እነዚያንም በሌላ ትልቅ ሳጥን እያጠቃለለ ወደ ላይ ይወጣል። ጥያቄ ሲመጣ ከላይ ይጀመርና ከሚፈለገው ቦታ ጋር የማይነካካ ሳጥን ከነውስጡ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይታለፋል።

የትርፉን መጠን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ፖስትግሬስ መረጃን በ8 ኪሎባይት ገጾች ያስቀምጣል። የቦታ ኢንዴክሱ የአንድን ነገር ሳጥን የሚመዘግበው በ4 ትንንሽ ቁጥሮች ብቻ ስለሆነ፣ በአንድ ገጽ 100 ሳጥኖች ይቀመጣሉ ብለን ብናስብ፣ 3 ደረጃ ያለው ዛፍ አንድ ሚሊዮን ነገሮችን ይይዛል። ሳጥኖቹ እርስ በርስ ሊደራረቡ ስለሚችሉ ፍለጋው አንዳንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ቅርንጫፍ መከተሉ አይቀርም፤ ቢሆንም የሚነበቡት ገጾች ጥቂት ናቸው፣ ያለ ኢንዴክስ ግን ሠንጠረዡ ከዳር እስከ ዳር ይነበባል።

ሁልጊዜ መታወስ ያለበት ነገር ኢንዴክሱ የሚያውቀው ሳጥኑን እንጂ ትክክለኛውን ቅርጽ አለመሆኑ ነው። ሥራው በሁለት እርምጃ ይከናወናል፤ ኢንዴክሱ በሳጥን አማካይነት ጥቂት ዕጩዎችን ይለያል፣ ቀጥሎ ትክክለኛው ስሌት በእነዚያ ዕጩዎች ላይ ብቻ ይሠራል። የፖስትጂአይኤስ ጥሩነት ይህን ሁለተኛ እርምጃ ለተጠቃሚው ሳይተው ራሱ ማከናወኑ ነው፤ ስለዚህ መልሱ ግምት ሳይሆን ትክክለኛ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልግባ። «ከዚህ ነጥብ በ2 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያለውን አምጣ» የሚለው ጥያቄ በሁለት መንገድ ሊጻፍ ይችላል። አንደኛው ኤስቲ-ዲስታንስ በተባለው ፈንክሽን ርቀቱን አስልቶ «ከ2000 ያነሰውን» ማለት ነው። ሁለተኛው ኤስቲ-ዲዊዚን በተባለው ፈንክሽን «በ2000 ሜትር ውስጥ ያለውን» ብሎ መጠየቅ ነው። ሁለቱ የሚሰጡት መልስ በተግባር አንድ ነው፤ የሚሄዱበት መንገድ ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። የመጀመሪያው ርቀቱ ካልተሰላ ማወዳደር ስለማይችል የእያንዳንዱን ረድፍ ርቀት ያሰላል፤ ኢንዴክሱ ቢኖርም አይነካውም። ሁለተኛው ግን የፍለጋውን ሳጥን በ2000 ሜትር አስፍቶ ኢንዴክሱን ይጠይቃል። በሠንጠረዡ ላይ የሚታይ ምንም ልዩነት ሳይኖር፣ በአንድ ፈንክሽን ምርጫ ብቻ ኢንዴክሱ በሥራ ላይ ይውላል ወይም ተቀምጦ ይቀራል። በነጥቡ ዙሪያ ክብ ሠርቶ በክቡ ውስጥ የሚወድቀውን መፈለግ የሚመርጡም አሉ፤ ያ መንገድ ኢንዴክሱን ቢጠቀምም ክቡ በትክክል ክብ ሳይሆን ብዙ ጎን ያለው ቅርጽ ስለሚሆን ስሌቱ ይረዝማል፣ በጠርዙ አካባቢም ይሳሳታል።

ኢንዴክሱን ሲፈጥሩም ዓይነቱ ጂስት መሆኑን በግልጽ መጻፍ ግድ ነው። ካልተጻፈ ፖስትግሬስ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ቢ-ትሪ ሊሠራ ይችላል፤ ኢንዴክሱ በዝርዝሩ ውስጥ ይታያል፣ ለቅርበት ፍለጋ ግን አይረዳም። ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ሌላ እንቅፋት ዓምዱ ጂኦሜትሪ ሆኖ ኢንዴክሱ በእርሱ ላይ ከተሠራ በኋላ፣ በጥያቄው ውስጥ ዓምዱን ወደ ጂኦግራፊ ወይም ወደ ሌላ የመጋጠሚያ ሥርዓት (ቦታን በቁጥር የመግለጫ ስልት) መቀየር ነው። ኢንዴክሱ የተሠራው በዋናው እሴት ላይ ስለሆነ የተቀየረውን አያውቀውም። መቀየር ካለበት የሚጠየቀው ነጥብ እንጂ ዓምዱ አይቀየር፤ ወይም ለተቀየረው እሴት ራሱን የቻለ ኢንዴክስ ይሠራ። እነዚህን ሁሉ ለማጣራት «ኤክስፕሌይን አናላይዝ» የሚለውን ትእዛዝ ከጥያቄው ፊት ጽፎ ማሄድ ይበቃል። ዳታቤዙ የሄደበትን መንገድ ይዘረዝራል፤ «ሲክ ስካን» ካለ ሠንጠረዡን በሙሉ አንብቧል ማለት ነው፣ «ኢንዴክስ ስካን» ካለ ኢንዴክሱን ተጠቅሟል። ብዙ መረጃ በአንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ ደግሞ ስታቲስቲክሱ በ«አናላይዝ» ካልታደሰ ጥያቄው በየትኛው መንገድ እንደሚመለስ የሚወስነው የዳታቤዙ ዕቅድ አውጪ በተሳሳተ ግምት ኢንዴክሱን ሊተወው ይችላል። በአዲስ ጭነት ማግስት አገልግሎቱ ከዘገየ እኔ መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው።

የጂኦሜትሪና የጂኦግራፊ ምርጫ ለድሬዳዋና ለሐረር ሰው ልዩ ጉዳይ ነው። ለካርታና ለቅየሳ የሚያገለግለው ዩቲኤም የተባለው ሥርዓት ዓለምን እያንዳንዳቸው 6 ዲግሪ ስፋት ባላቸው 60 ዞኖች ይከፍላል። በዞን 37 እና በዞን 38 መካከል ያለው ወሰን 42ኛው የምሥራቅ ኬንትሮስ ነው። ድሬዳዋ 41.87 ገደማ፣ ሐረር 42.12 ገደማ ላይ ስለሚገኙ ወሰኑ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያልፋል። ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘው መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም በዩቲኤም ዓይን ግን በሁለት የተለያዩ ዞኖች ውስጥ ናቸው። እያንዳንዱ ዞን የራሱ መነሻ ስላለው የድሬዳዋ የምሥራቅ መጋጠሚያ በዞን 37 ውስጥ 815 ሺህ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የሐረር በዞን 38 ውስጥ 184 ሺህ ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች እንደ አንድ ሥርዓት ቆጥሮ የሚቀንስ ሰው በቀጥታ መስመር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚራራቁትን ከተሞች ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ያራርቃቸዋል።

ፖስትጂአይኤስ እዚህ ላይ የሚመሰገንበት ጥንቃቄ አለው። ለእያንዳንዱ ቅርጽ የመጋጠሚያ ሥርዓቱ መለያ ቁጥር ከተመዘገበ፣ የሁለት የተለያዩ ሥርዓቶች ቅርጾች ሲወዳደሩ የተሳሳተ መልስ ከመስጠት ይልቅ ስህተት መሆኑን ተናግሮ ያቆማል። መለያው ሳይመዘገብ ባዶ ከተተወ ግን ይህ መከላከያ አይሠራም። ከዚህም በላይ በአገራችን ለረጅም ጊዜ የተሠሩ ካርታዎችና የቅየሳ ሰነዶች አዲንዳን የተባለውን የቅየሳ መነሻ (መጋጠሚያዎች የሚለኩበትን መሠረት) የሚጠቀሙ ሲሆን፣ ያው የመጋጠሚያ ቁጥር በጂፒኤስ ሥርዓት ሲነበብ ከ100 ሜትር በላይ ይዛነፋል፤ ከዚራን በመሰለ ጎዳናዎቹ በተቀራረቡበት ሰፈር ይህ ማለት ዕቃው ሌላ ጎዳና ላይ ይወርዳል ማለት ነው። አሮጌ ፕላን ወደ ዳታቤዝ የሚያስገባ ሰው ትክክለኛውን መለያ ቁጥር ሰጥቶ በፖስትጂአይኤስ በኩል እንዲቀየር ማድረግ አለበት።

ስለዚህ የእኔ ምክር ይህ ነው። ሥራው በድሬዳዋ ከተማ ብቻ የሚወሰን ከሆነ ጂኦሜትሪን በዞን 37 መጠቀም ፈጣንና በቂ ነው። ሐረርን፣ ሐሮማያን ወይም ጅግጅጋን የሚነካ ከሆነ ግን ጂኦግራፊን መምረጥ ይሻላል፤ ርቀቱ ሁልጊዜ በሜትር ይመጣል፣ የዞን ወሰንም አያሳስብም። የጂኦግራፊ ስሌት ከዝርጉ ስሌት ይልቅ ይከብዳል፤ ይሁን እንጂ ኢንዴክሱ አስቀድሞ ዕጩዎቹን ስለሚያጠብ ከባዱ ስሌት የሚሠራው በጥቂቶች ላይ ብቻ ነው፣ ልዩነቱም በተጠቃሚው ስልክ ላይ አይታይም። የድረ ገጽ ካርታዎች የሚጠቀሙበትን ዌብ መርካተር ለርቀት መለኪያ የሚያደርጉም አሉ። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን በድሬዳዋ የሚያመጣው ስህተት ከመቶ 1.4 ያህል ብቻ ነው፤ በ60 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ግን ርቀቱን በእጥፍ ያሳድገዋል። እዚህ ስለማይጎዳ መጥፎ ልማድ ሆኖ እንዳይቀር እሰጋለሁ።

ሌላ ለጀማሪ የሚከብድ ነገር የቁጥሮቹ ቅደም ተከተል ነው። በንግግር ኬክሮስን አስቀድመን «9.6፣ 41.87» እንላለን፤ ፖስትጂአይኤስ ግን ኬንትሮስን ያስቀድማል። ተገላብጦ ከገባ የድሬዳዋ ደንበኛ ከኮርሲካ ደሴት በስተ ምሥራቅ ባሕር ላይ ይገኛል። ሁለቱም ቁጥሮች ለኬክሮስም ለኬንትሮስም ተቀባይነት ባለው ክልል ውስጥ ስለሆኑ ሶፍትዌሩ ስህተቱን ሊያውቅ አይችልም። በሠንጠረዡ ላይ «ነጥቡ በምሥራቅ ኢትዮጵያ ሳጥን ውስጥ ይሁን» የሚል ገደብ ማስቀመጥ ቀላል መፍትሔ ነው።

«ቅርብ የሆኑትን 5 አምጣ» ለሚለው ጥያቄ ፖስትጂአይኤስ ልዩ የርቀት ምልክት አለው፤ በእርሱ ደርድሮ በ5 መገደብ ብቻ ይበቃል። ኢንዴክሱ ራሱ ከቅርቡ እየጀመረ ስለሚያወጣ ዙሪያውን መገመት አያስፈልግም። ይህ ችሎታ በፖስትግሬስ በኩል እ.ኤ.አ. በ2011 በስሪት 9.1 የመጣ ሲሆን፣ ለመስመሮችና ለክልሎች ትክክለኛ ርቀት የሚሰጠው ከፖስትጂአይኤስ 2.2 ጀምሮ ነው። ሌሊት ላይ ባጃጆች ሲያንሱ፣ ቀን ላይ ሲበዙ ያው ጥያቄ በሁለቱም ሰዓት በእኩል ፍጥነት ይመልሳል። በዚህ ሶፍትዌር ውስጥ ከሁሉ የምወደው ክፍል ይህ ነው።

ነገር ግን ቅርብ ማለት በቀጥታ መስመር ቅርብ ማለት ነው። ከዚራንና መጋላን ደቻቱ ይለያቸዋል። በበጋ ወንዙ አሸዋ ብቻ ስለሚሆን ሰውም ባጃጅም ያቋርጠዋል፤ ክረምት ላይ ውኃ ሲመጣ ግን ማዶ ለማዶ የሚተያዩ ሁለት ቦታዎች በድልድይ ዞሮ የሚደረስባቸው ይሆናሉ። ኢንዴክሱ ይህንን አያውቅም፤ ማዶ ያለውን ባጃጅ የመጀመሪያው አድርጎ ያቀርባል። እኛ የምንከተለው መንገድ ከኢንዴክሱ ብዙ ዕጩዎችን ተቀብሎ፣ ለእነርሱ ብቻ የመንገድ ርቀትን ፒጂራውቲንግ በተባለው ሌላ ቅጥያ ማስላት ነው። የመንገዱ መረጃ ከኦፕንስትሪትማፕ በነፃ ይገኛል፤ የድልድዮቹና የማቋረጫዎቹ ትክክለኛነት ግን በአካባቢው ሰው መታየት አለበት።

ደቻቱ ሌላም ትምህርት ይሰጣል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ወንዙ ሞልቶ በድሬዳዋ ከ200 በላይ ሰዎችን ከገደለ ወዲህ «ከወንዙ በ100 ሜትር ውስጥ ያሉት ቤቶች የትኞቹ ናቸው» የሚለው ጥያቄ የወረቀት ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ ማስጠንቀቂያ ለመላክም ሆነ ለዕቅድ ያስፈልጋል። ወንዙ እንደ አንድ ረጅም መስመር ከተመዘገበ ግን የሚከብበው ሳጥን የከተማውን ሰፊ ክፍል ይሸፍናል፤ ኢንዴክሱም በሳጥኑ ውስጥ ያለውን ቤት ሁሉ ዕጩ አድርጎ ያቀርባል፣ ትርፉም ይቀራል። መፍትሔው ኤስቲ-ሰብዲቫይድ በተባለው ፈንክሽን መስመሩን ወደ ትንንሽ ቁርጥራጮች መክፈል ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ጠባብ ሳጥን ይኖረዋል፤ ሳጥኖቹም የወንዙን አካሄድ ተከትለው ይሰለፋሉ። ፈንክሽኑ የሚከፍለው በነጥቦች ብዛት ሲሆን፣ ነባሪው ገደብ 256 ስለሆነ ጥቂት ነጥብ ላለው መስመር ገደቡን ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ሰፋፊ የወረዳና የክልል ወሰኖችም በዚሁ መንገድ ሲከፈሉ «ይህ ነጥብ በየትኛው ውስጥ ነው» የሚለው ጥያቄ በግልጽ ይፈጥናል።

ስለ ደካማ ጎኑ ከተነሣ፣ በየጊዜው የሚለዋወጥ ቦታ ለዚህ ኢንዴክስ ይከብደዋል። ፖስትግሬስ አንድን ረድፍ ሲያድስ አሮጌውን ወዲያው አያጠፋም፤ አዲስ ቅጂ ይጽፋል፣ የተለወጠው ዓምድ ኢንዴክስ ያለው ስለሆነም ኢንዴክሱ ውስጥ አዲስ ግቤት ይገባል። በየጥቂት ሰከንዱ ቦታቸውን የሚልኩ ባጃጆች በበዙ ቁጥር የሞቱ ቅጂዎች ይከማቻሉ፤ ኢንዴክሱ ያብጣል፣ ፍጥነቱም ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ጉዳቱ በአንድ ቀን ስለማይታይ ለመለየት ያስቸግራል። የነጂውን ስም፣ ታርጋና ታሪክ ከሚይዘው ሠንጠረዥ ለይቶ የአሁን ቦታን ብቻ የሚይዝ ትንሽ ሠንጠረዥ ማዘጋጀት፣ ለእርሱ የራስ ሰር ጽዳቱን ማዘውተር፣ ነጂው ከቆመበት ካልተንቀሳቀሰ ደግሞ ጭራሽ አለማደስ ችግሩን በእጅጉ ያቀለዋል። ከፖስትግሬስ 12 ጀምሮ አገልግሎቱን ሳያቋርጡ ኢንዴክሱን እንደ አዲስ መሥራት ስለሚቻል ሌሊት ላይ ማደስ ይቻላል። የኋላ ታሪክ ለሚከማችበት ትልቅ ሠንጠረዥ ደግሞ የቦታ ኢንዴክስ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፤ በጊዜ ቅደም ተከተል ስለሚገባ ብሪን የተባለው እጅግ ትንሽ ኢንዴክስ በጊዜ ዓምዱ ላይ ይበቃዋል።

መብራት በድንገት በሚጠፋበት አካባቢ ለሚሠራ ሰው አንድ መልካም ነገር ልጨምር። የጂስት ኢንዴክስ ለውጦች እንደ ሠንጠረዡ ሁሉ አስቀድመው በመዝገብ ይጻፋሉ፤ ሰርቨሩ በድንገት ቢጠፋ ሲነሣ ከመዝገቡ ይታረማል፣ ኢንዴክሱን በእጅ እንደገና መሥራት አያስፈልግም። ይህ የሚሆነው ግን ለፍጥነት ሲባል መዝገብ የማይጻፍለት ሠንጠረዥ ካልተመረጠ ነው፤ እንዲህ ያለው ሠንጠረዥ ከድንገተኛ መጥፋት በኋላ ባዶ ሆኖ ይነሣል።

ሐረር ላይ ሶፍትዌሩ ከድሬዳዋ በተለየ ሁኔታ ይፈተናል። በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ ጁገል 48 ሄክታር ብቻ ነው፤ በዚያ ውስጥ ግን ቤት ከቤት ተያይዞ፣ ጠባብ መተላለፊያዎች ተጠላልፈውበት ይገኛል። በግንብ መካከል የሚነበብ ጂፒኤስ በብዙ ሜትር ሊሳሳት ስለሚችል ኢንዴክሱ በቅጽበት የሚያመጣው «ቅርብ» ቤት ከግድግዳው ወዲያ ያለው፣ በሌላ መተላለፊያ የሚገባበት ሊሆን ይችላል። ፈጣን መልስ የመረጃውን ጉድለት አይሞላም። መኪናና ባጃጅ እስከ በሩ፣ ከዚያ ወዲያ በእግር በሚደረስባቸው ቦታዎች የመጀመሪያው ጥያቄ «ለዚህ ቤት የሚቀርበው ሸዋ በር ነው፣ ኤረር በር ነው ወይስ ፈላና በር» የሚለው መሆን አለበት፤ 5ቱን ጥንታዊ በሮች እንደ ነጥብ መዝግቦ የእያንዳንዱን ቤት በር አስቀድሞ ማስላት በየጥያቄው ከመፈለግ ይሻላል። ለ5 ነጥቦች ኢንዴክስ አያስፈልግም።

ሌሎቹን አማራጮች ባጭሩ ልለፍባቸው። ማይኤስኪውኤል ከ5.7 ጀምሮ በዋናው የማከማቻ ሞተሩ የቦታ ኢንዴክስ አለው፤ በስሪት 8 ግን የዓምዱ የመጋጠሚያ ሥርዓት አስቀድሞ ካልተወሰነ ኢንዴክሱን አይጠቀምም፣ ፈንክሽኖቹም ያንሳሉ። ሞንጎዲቢ ለነጥብና ለዙሪያ ፍለጋ ጥሩ ነው። ሬዲስ ሁሉን በኮምፒውተሩ ማስታወሻ (ራም) ውስጥ ስለሚይዝ ለሚንቀሳቀሱ ባጃጆች እጅግ ፈጣን ነው፤ መሠረታዊ የቦታ ትእዛዞቹ ግን የሚይዙት ነጥብን ብቻ ነው። ኡበር እ.ኤ.አ. በ2018 በነፃ የለቀቀው ኤችስሪ ቦታን በስድስት ጎን ሴሎች ስለሚከፍል በየሰፈሩ የጥሪ ብዛትን ለማጠቃለል ተመራጭ ነው። ሥራው እጅግ ካልሰፋ በስተቀር ሁለት ሥርዓት ማስተዳደር ለአንድ ትንሽ ቡድን ሸክም ስለሆነ እኔ ሁሉንም በፖስትጂአይኤስ ማኖርን እመርጣለሁ።

የፖስትጂአይኤስ የአጠቃቀም ሰነድ የተሟላና በምሳሌ የተደገፈ ነው፤ በአማርኛ አለመኖሩ ግን ለጀማሪዎቻችን ይከብዳል፣ የመጋጠሚያ ሥርዓቶችን የሚያብራራው ክፍልም አንባቢው የቅየሳ ዕውቀት እንዳለው አድርጎ ያልፋል። ለመሞከር ውድ ሰርቨር አያስፈልግም፤ የኢትዮጵያ የኦፕንስትሪትማፕ መረጃ በመካከለኛ ላፕቶፕ ላይ ይጫናል፣ የድሬዳዋን መንገዶችና ሕንፃዎች ይዞ ከላይ የጠቀስኳቸውን ጥያቄዎች ሁሉ በኢንዴክስና ያለ ኢንዴክስ ማወዳደር ይቻላል። በሠንጠረዡ ውስጥ ጥቂት መቶ ሱቆች ብቻ ያሉት ሰው ግን ልዩነት አያገኝም። ለእንዲህ ያለው ትንሽ ሠንጠረዥ ዕቅድ አውጪው ራሱ ኢንዴክሱን ትቶ ሁሉንም ማንበብ ስለሚቀለው «ሲክ ስካን» ቢያይ መደንገጥ የለበትም፤ ረድፎቹ ወደ አሥር ሺዎች ሲያድጉ ያንኑ ጥያቄ በ«ኤክስፕሌይን አናላይዝ» ደግሞ ይመልከተው።